ክቡርነታቸው «ቆይ እስቲ» ዓሣ ሲመርጡ

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ቤተ ዘመድ የለም፤ «የእኛ ቤት የለም» የሚል ካለ ሰውየው ራሱ ነው። ጫማ ሊገዛ ይወጣና አሮጌውን አስጠርጎ ይመለሳል። ምግብ ቤት ገብቶ ዝርዝሩን ከዳር እስከ ዳር ያነበንባል፤ አስተናጋጁ ተመላልሶ ተመላልሶ ሲያኮርፍ፣ «ለጊዜው ውኃ» ይላል። የእነዚህ ሰዎች አገር ቢኖርና ንጉሥ ምረጡ ቢባሉ፣ ምርጫው መቼም አያልቅም እንጂ ዘውዱ የሚገባው ለአንድ መነጽር ሠሪ ነበር።

የመነጽር ሠሪው ሥራ ቀኑን ሙሉ በሰው ዓይን ላይ መስታወት እየቀያየሩ «ይኼኛው ይሻላል ወይስ ያኛው?» ማለት ነው። ሰውን ሁሉ ሲያስመርጡ ይውላሉ፤ ቤታቸው ሲገቡ ለራሳቸው የተረፈ ምርጫ አይኖርም። ሸሚዝ ቢሆን፣ መጋረጃ ቢሆን፣ የሻይ ስኳር ቢሆን መልሳቸው አንድ ነው፦ «ቆይ እስቲ።» ሳሎኑ ጥግ ላይ የስፌት መኪናዋን ተክላ የሰው ልብስ የምትሰፋው ሚስታቸው ኖራ ኖራ ማዕረግ ሰጠቻቸው። «ክቡርነታቸው ቆይ እስቲ፣ ራት ቀርቧል» ትላለች፤ እሳቸውም እንደ ባለ ማዕረግ ቀስ ብለው ይመጣሉ።

አንድያ ልጃቸው ስትወለድ «ቆይ እስቲ፣ መልኳ ይለይ» አሉ። መልኳ ሲለይ «ቆይ እስቲ፣ ጠባይዋ ይታወቅ» አሉ። ጠባይዋ ሲታወቅ ልጅቷ በእግሯ እየሄደች፣ «ሚጢ» ሲሏት «አቤት» ትል ነበር። ትምህርት ቤት ሲያስገቧት ስም ያወጣላት መዝጋቢው ነው ትላለች እናቷ። እሳቸው ግን «እኔም ሳስበው የነበረ ስም ነው» ብለው ይከራከራሉ። ለቤቱ ያው ሚጢ ሆና ቀረች።

ሚጢ አድጋ የላብራቶሪ ሙያ ተማረችና ሩቅ ከተማ ካለ ሆስፒታል ሥራ አገኘች። እኚህ ሰው ቤት ውስጥ የባሕር ዓሣ ማኖር ያማራቸው ልክ በዚያው ሰሞን ነው። የጥርስ ሐኪም ዘንድ ወረፋ ሲጠብቁ፣ በትልቅ የመስታወት ገንዳ ውስጥ ብርቱካናማ፣ ነጭ መቀነት የታጠቀ ዓሣ አዩ፤ ክላውንፊሽ የሚሉትን። ዓሣው በአንድ ለስላሳ ኮራል ውስጥ ተኝቶ፣ ፍራሽ እንደሚያመቻች ሰው ይገላበጣል። ኮራል ማለት ድንጋይ ወይም ተክል ይመስላል እንጂ ነፍስ ያለው የባሕር ፍጡር ነው። ሐኪሟ ስማቸውን ብትጠራ ብትጠራ አልሰሙም፤ ጥርሳቸውንም ሳይነቀሉ መጡ።

ሚጢ ወሬውን ሰምታ ሳቀች። «ዓሦቹ ገብተው ሳላይማ ንቅንቅ አልልም!» አለች። አፏ ላይ የመጣላትን ነው ያለችው።

ገንዳው መጣና ከስፌት መኪናው አጠገብ ተቀመጠ። ጨው ተበጠበጠ፣ ድንጋይ ተደረደረ፣ መብራት ተሰቀለ። ዓሣ ሻጯ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሰፊ ሴት፣ «ጋሼ፣ ውኃው ሳይበስል ምንም አይገባበትም» አለቻቸው። «ድንጋዩ ላይ ቆሻሻውን የሚበሉ፣ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት መራባት አለባቸው። አለዚያ ዓሣው በገዛ ቆሻሻው ይመረዛል። ሳምንታት ይወስዳል፤ ይታገሡ።»

ታገሡ ሲባሉ ፊታቸው በራ። በሕይወታቸው እንዲህ የሚስማማቸው ትእዛዝ ደርሷቸው አያውቅም።

ሚስትየዋ ባዶ ውኃ ሳሎኗ ውስጥ መገተሩ መጀመሪያ አበሽቋት ነበር። ኋላ ግን ነገሩ ተለወጠባት። ከሰዓት በኋላ መጋረጃውን ስትጋርድ የውኃው ብርሃን ጣሪያው ላይ ወጥቶ ይተኛል፤ ይዘረጋል፣ ይሰበሰባል፣ እንደገና ይዘረጋል። ጭኗ ላይ ያለው ሐር ሰማያዊ ይሆናል፤ ማንጠልጠያው ላይ ያሉት የሰው ቀሚሶች ነፋስ ሳይኖር የሚወዛወዙ ይመስላታል። ክሩ ተበጥሶ መኪናው ባዶውን ሲሰፋ ሳታውቀው ትቆያለች። ከውኃው በታች ቁጭ ብላ ላይ ላዩን የሚሄደውን ዓለም የምታይ ይመስላታል። ለባሏ ግን ትንፍሽ አላለችም፤ ደስ ይበለው ብላ ነው እንዴ?

ውኃው በሰለ። የቅዳሜ ጉዞ ተጀመረ።

ሱቁ ጨለም ያለ ነው፤ መብራቱ ሰማያዊ፣ ድምፁ የውኃ መንፎልፎል ብቻ። ሻጯ ለጀማሪ የሚሆኑትን አሳየቻቸው፦ እንጉዳይ የመሰለውን፣ እንደ ጓንት ጣቶቹን የዘረጋውን፣ እንደ አረንጓዴ ሣር ድንጋዩ ላይ የሚነጠፈውን። «አጥንታቸው ድንጋይ የሆነውን ለጀማሪ አልሰጥም። ቅብጥብጥ ናቸው፤ ውኃው ትንሽ ሲለወጥ ያኮርፋሉ። ለስላሳዎቹ ግን ቻይ ናቸው።»

ክቡርነታቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ገንዳ ለገንዳ ዞሩ። እንጉዳዩ በጣም ቀላ። ሣሩ ነገ ግድግዳ ይወጣል። ጓንቱ ጣቶቹን ሰብስቧል፤ «የተቀየመ ፍጡር ቤቴ አላስገባም።» ባዶ እጃቸውን ገቡ። በሌላው ቅዳሜም እንዲሁ። ከስንት ምልልስ በኋላ ኮራሎቹ፣ ጓንቱም ጭምር፣ እንደ ምንም ገቡ፤ ዓሦቹ ቀሩ።

«ክላውንፊሽ ጥንድ ይሁን፤ እዚሁ ገንዳ ውስጥ የተፈለፈሉትን ይውሰዱ» አለች ሻጯ። «አንዱ ተለቅ፣ አንዱ አነስ ይበል። ሁሉም ሲፈለፈሉ ወንድ ናቸው፤ ኋላ ትልቁ ሴት ይሆንና ቤቱን ይገዛል።»

«እሱስ እኛም ቤት ያለ ሕግ ነው» አለች በዚያ ቅዳሜ አብራቸው የሄደችው ሚስታቸው።

ሰውየው ግን መቀነቱ የተንጋደደ አገኙ፤ ሲዋኝ የሚቸኩል አገኙ፤ «ዓይኑ እንቅልፍ የለበትም» ያሉትም ነበር። በዚህ መሀል ሆስፒታሉ ደወለ፤ ሚጢ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልመጣች ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ልጅቷ ሻንጣዋን አልጋዋ ላይ ከፍታ፣ ልብስ እያስገባች እያወጣች ሰነበተች። የአባቷን ፊት እያየች «ልሂድ» ለማለት አልሆነላትም።

እናት ቱግ አለች። መቀሷን ጠረጴዛው ላይ አጋጨችው። «አንተ ሰውዬ፣ ዓሣ ነው ወይስ አማች ነው የምትመርጠው? ልጄን እንጀራዋን ልታሳጣት ነው!»

መነጽራቸውን አወለቁ። በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፤ የጠራውን ደግመው ጠረጉት።

«ገብተው ካየቻቸውማ» አሉ፣ «ትሄዳለች።»

ያ ሁሉ ቅዳሜ፣ የተንጋደደው መቀነት፣ የተቀየመው ጓንት፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ለሚስትየዋ ገባት። ሰውየው ዓሣ ሲንቁ አልነበረም የከረሙት። ጠጋ ብላ የሸሚዛቸውን አንገትጌ አስተካከለችላቸው፤ መስተካከል ያለበት ነገር ግን አልነበረም።

ቅዳሜ ሦስቱም ሄዱ። ሚጢ ገና ስትገባ ጣቷን ቀሰረች፦ «እነዚህ! አባዬ፣ ተያዩ እኮ፣ ሲሽኮረመሙ!» እውነትም የሚያምሩ ነበሩ። በዚህ ጊዜ አንድ ድምፅ፣ «ትንሹ ክንፉ ተቆረጥ ያለ አይመስልም?» አለ። ሚስትየዋ ዞር ብላ ማን ተናገረ ብላ ፈለገች። ለካ እሷው ናት! የሙሽራ ጨርቅ በአንድ እይታ ቆርጣ የምትሰጠው ሴት።

«እማዬ፣ አንቺም?» አለች ሚጢ።

አባት ልጃቸውን አዩ። በሰማያዊው ብርሃን ውስጥ ጉንጯ እርጥብ ነበር፤ ዓይኗ ግን ወደ በሩ ነበር። ቆይተው አዩአት። ከዚያ ወደ ገንዳው ዘወር አሉና፣ «እነዚህን» አሉ።

ሻጯ ጆሮዋን አላመነችም። «ምን አሉኝ ጋሼ?»

«እነዚህን ሁለቱን። ያዥልኝ።»

ቤት ሲደርሱ ዓሦቹ በቀስታ ውኃውን ተላምደው ገቡና አንድ ጥግ ይዘው ቆሙ። ሚጢ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ስታያቸው አመሸች። ሻጯ እንዳለችው አንዳንዴ ለስላሳ ኮራል መርጠው አልጋ ያደርጉታል፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይጠጉትም። «ጓንቱ ውስጥ ሲገቡ እንዳትደብቁኝ» ብላ ሚጢ ወላጆቿን ሳመችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ማታ ማታ ትደውላለች። «ገቡ?» «አልገቡም።» ከዚያ ስለ አከራይዋ፣ ስለ ማይክሮስኮፑ፣ ስለ አዲሲቷ ጓደኛዋ ትቀጥላለች። ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርገው፣ ሁለቱም እስኪበቃቸው ይሰማሉ።

አንድ ቀን ሊመሽ ሲል ሚስትየዋ ቀና አለች። ትልቁ ዓሣ ጓንቱ መሀል ገብቷል፤ ትንሹም ከጎኑ። ጣቶቹ ይከደኑላቸዋል፣ ይገለጡላቸዋል። ባሏን በእጇ ምልክት ጠራች። አጠገቧ ቁጭ አሉ፤ ብርሃኑ ፊታቸው ላይ ሄደ መጣ።

ስልኩ ጮኸ። «ሰላም አመሻችሁ! ገቡ?»

ክቡርነታቸው ሚስታቸውን አዩ፤ ውሸት ሰምታ ሳታርም አልፋ የማታውቀዋን ሴት። እሷ ስልኩን ከእጃቸው ወሰደች።

«አልገቡም፣ የኔ ልጅ» አለች። «ዛሬስ ምን በላሽ?»