እንዳይቆሽሽ የተቆለፈበት ማጽጃ

በየቤታችን ከባለቤቶቹ የበለጠ የሚከበር ዕቃ አይጠፋም። ላስቲኩ ያልተነሳለት ሶፋ፣ እንግዳ ካልመጣ የማይወርድ ብርጭቆ። ጀጎል ግንብ ውስጥማ ተበልቶባቸው የማያውቁ ሳህኖች ግድግዳ ላይ ተደርድረው፣ እኛ በፕላስቲክ ሳህን ስንበላ ከላይ ይታዘቡናል። አይሳቁ፤ እርስዎም ቤት ቢፈለግ አንድ አይጠፋም።

የምሠራው ከግንቡ ውጭ፣ አዲሱ ከተማ፣ የተማሪዎች ውጤት በሚቀመጥበት ቢሮ ነው። አንድ ቀን የኮምፒውተሩ ዲስክ ተቃጠለ። ግድ የለም፣ ቅጂው በቴፕ ካሴት ተይዟል ተባለ። ካሴቱን ስናስገባው ግን ማንበቢያ መሣሪያው ቀይ መብራት አብርቶ ተፋው።

በሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ ፈቲያ ተቀምጣለች። ከጀጎል በእግሯ የመጣች፣ በነርስነት ሥራ ያገኘች ልጅ ናት፤ እስከ ነገ ውጤቷን ካላስገባች ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል።

"ካሴቱ አርጅቷል፣ ይጣል" አሉ አለቃችን።

እኔ ሰው ፊት ድምፄ ስለሚጠፋ ለአለቃ አልመልስም። መመሪያ ግን አነባለሁ። ሌላ ካሴት አስገባሁ፤ ተፋው። ምንም ያልተቀዳበት አዲስ አስገባሁ፤ እሱንም ተፋው። ሦስት ካሴት ባንድ ቀን አይታመምም። ጥፋቱ የመሣሪያው ነበር፤ ውድ ስለሆነ ግን ማንም ሊወቅሰው አልደፈረም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው።

መመሪያው መሣሪያው አቧራ ሲይዘው በማጽጃ ካሴት ይጽዳ ይላል። የንብረት ክፍሉ ጋሽ መኮንን ቁም ሳጥናቸውን ከፍተው ማጽጃውን ከነላስቲኩ አወጡት። መሣሪያው ሲገዛ አብሮ የመጣ ነው።

"ይኸው፣ እንዲህ አድርጌ ነው የጠበቅሁት" አሉ በኩራት። እጄን ስዘረጋ ወደ ደረታቸው አስጠጉት። "ልትከፍቺው ነው እንዴ? ይቆሽሻል እኮ ልጄ።"

ፈቲያ ከአግዳሚው ተነሳች።

"ወላሂ ጋሼ፣ እርስዎ ቤት ሳሙናም እንዳይቆሽሽ ይቆለፍበታል?"

ጋሽ መኮንን ሳቁ፤ ሲስቁ እጃቸው ላላ።

ማጽጃው ገባ፣ ትንሽ አጉረመረመ፣ ወጣ። ቀዩ መብራት ጠፋ። ይጣል የተባለው ካሴት የፈቲያን ውጤት አንድ ሳያጎድል ዘረገፈው። ወረቀቷን ይዛ፣ ጉንጬን ሁለቴ ስማኝ፣ ወደ ባጃጅ ሮጠች።

ጋሽ መኮንን ብቻ ማጽጃውን ወደ መስኮቱ አንስተው ሲያገላብጡት ቆዩ።

"ይኸው ቆሸሸ። አሁን እሱንስ በምን ልናጸዳው ነው?"

ሳቄን አፍኜ ቤቴ ገባሁ። መደርደሪያዬ ላይ ስመረቅ የተሰጠኝ ባለወርቅ ጠርዝ ደብተር ከነላስቲኩ ተቀምጧል፤ የእጅ ጽሑፌ እስኪያምር እየጠበቀ።

ይህን የጻፍኩት የመጀመሪያው ገጹ ላይ ነው። ሁለት ቦታ ሰርዣለሁ።