የወይዘሮ ቱርዲስ ሃያ ጥይቶች

በየመንደሩ ሌላ ሰው የሠራውን ነገር የማያምን አንድ ሰው አይጠፋም። ዳቦውን ራሱ ይጋግራል፣ ጣሪያውን ራሱ ይጠግናል፣ ቢፈቀድለት ጥርሱንም ራሱ ይነቅላል። በእኛ ሸለቆ ይህን ማዕረግ የያዙት ክብርት ወይዘሮ ቱርዲስ ናቸው፤ አርባ ዓመት ፋርማሲ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ዛሬ ደግሞ የተተኮሰ ቀለህ እየሰበሰቡ ቤታቸው ውስጥ ጥይት መልሰው የሚሞሉ። አንቱታው ለማዕረጓ ነው እንጂ፣ እኔና እሷ አንድ ክፍል ነው የተማርነው።

ባሩዱን የምትመዝነው በመድኃኒት ሚዛኗ ነው። በዚያ ሰዓት በር አይከፈትም፤ ባሏ አርቪድ ጉንፋን ከያዘው፣ አስነጥሶ ባሩዱን እንዳይበትንባት ጋራዥ ይቀመጣል። «ከሱቅ ገዝተሽ አትገላገይም?» ሲሏት፣ «ፋብሪካው ያንተን ጠመንጃ የት ያውቀዋል?» ትላለች።

ባለፈው ጥቅምት ቀበሮ ዶሮዎቼን ይፈጅ ጀመር። ለትንሿ ጠመንጃዬ ሃያ ጥይት እንድትሞላልኝ ለመንኳት። ሦስት ሳምንት ፈጀባት። እኔም በየቀኑ እደውላለሁ።

«ቱርዲስ፣ ስድስተኛዋም ዶሮ ሄደች።»

«ኦድቫር፣ ልኩን ሳላረጋግጥ ከእጄ አይወጣም።»

በመጨረሻ በክኒን ሳጥን አድርጋ ሰጠችኝ። ላዩ ላይ ስሜንና ቀኑን ጽፋ፣ ከሥር «ከሕፃናት ይራቅ» ብላበታለች።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ከድንጋይ አጥሩ ጀርባ በደረቴ ተኛሁ። ቀበሮው ብቅ አለ። ጣቴን ምላጩ ላይ ሳሳርፍ ከኋላዬ ስሜ ሲጠራ ሰማሁ። ቱርዲስ በሌሊት ልብሷ ላይ የዝናብ ካፖርት ደርባ፣ ጭቃውን እየረገጠች ትመጣለች። ቀበሮው እግሬ አውጪኝ አለ።

«እንዳትተኩስ» አለች እያለከለከች። «ስሞላ ስልክ ጮኸና ተነሳሁ። ስመለስ ባሩዱን ጨምሬው ይሁን አይሁን ትዝ አይለኝም።»

«ማነው በዚያ ሰዓት የደወለው?»

«ማን ይሆናል? አንተ ነህ እንጂ።»

ሚዛኗን በሻርፕ ጠቅልላ ይዛው ነበር። ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ጥይቶቹን አንድ በአንድ መዘነች። አስራ አራተኛው ቀለለባት። አረሩን ነቅላ ቀለሁን ገለበጠችው፤ ጠብ የሚል ባሩድ የለም።

«ቀለሁ ሥር ያለችው ማቀጣጠያ ብቻዋን ትገፋውና አረሩ በርሜሉ ውስጥ ተሰንቅሮ ይቀር ነበር» አለች። «አንተ ደግሞ ችኩል ነህ፣ ወዲያው ሌላ ታጎርሳለህ። ያኔ ጠመንጃው ፊትህ ላይ ይፈነዳል።»

ባዶውን ቀለህ አስቀምጣ ሚዛኗን ወደ ጎን ገፋችው። እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም።

«አርባ ዓመት ሙሉ በአንድም ሰው መድኃኒት ላይ አልተሳሳትኩም» አለች። «ከእንግዲህ ከሱቅ ግዛ፣ ኦድቫር።»

ስንት ዓመት ሙሉ እንደሳቅኩባት አሰብኩ። የትኛው ፋብሪካ ነው አንዲት ጥይት ጠርጥሮ በሌሊት ልብሱ ማሳ አቋርጦ የሚመጣልኝ?

«አስራ ዘጠኙን መልሺልኝ» አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝና፣ «እንግዲያው እንደገና ልመዝናቸው» አለች።

ወንበር ስቤ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። እስክትጨርስ ትንፍሽ አላልኩም።