ክቡር ዳኛ ቨርሊን እና ዘጠነኛው ጥያቄ

በየሰፈሩ ማንም ያልሾመው አንድ ዳኛ አይጠፋም። ካባ የለውም፣ ደመወዝ የለውም፣ ግን ከእሱ ችሎት የሚያመልጥ ሰው የለም። በሰሜን ሚኒሶታ፣ ሃድሊ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ይህን ሥልጣን የያዘው ቨርሊን ቶለፍሰን ነበር። ዕድሜውን የወተት መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ረጅም ሰው ነው። ችሎቱ የሚሰየመው ሳሎኑ መስኮት አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ሲሆን ቋሚዋ ታዳሚ ሚስቱ ማርሊስ ነበረች።

ማርሊስ በትዳር ዘመኗ ያልሰማችው ፍርድ የለም። ጎረቤታቸው ኦርቪል በረዶ ሲጠርግ ወደ እነሱ ግቢ ይገፋል፤ ጥፋተኛ። ፓስተሩ ስብከቱን በቀልድ ይጀምራል፤ ጥፋተኛ። የቴሌቪዥኑ የአየር ጠባይ ተንባይ ፀሐይ ይወጣል ብሎ ሲያበቃ ደመና ይመጣል፤ ሁለት ጊዜ ጥፋተኛ፣ አንዴ ስለ ደመናው፣ አንዴ ስለ ፈገግታው። ማርሊስ ራሷም ድንች ስታሳርር ተፈርዶባታል፤ ይግባኝ የሚባል ነገር አልነበረም። ክርክሩ ሁሉ የሚያበቃው በሁለት ቃል ነው፦ «ፋይሉ ተዘግቷል።» ምግብ ቤት የሚውሉት ጓደኞቹ ገና ከበር ሲያዩት «ክቡር ዳኛ መጡ፣ ቀጥ በሉ» ይባባላሉ። እሱ ቀልድ መሆኑን አያውቅም ነበር፤ ወይም ያውቃል፣ ግን ይገባኛል ብሎ ነው።

በጥር ወር ከወረዳው ፍርድ ቤት ፖስታ መጣለት። ከሕዝብ መካከል ተመርጠው ችሎት ላይ ለሚፈርዱት ሰዎች፣ ለጁሪ ማለት ነው፣ ስሙ በዕጣ ወጥቷል። ብቁ መሆን አለመሆኑ እንዲታወቅ መጠይቁን ሞልቶ እንዲመልስ ተጠይቋል።

«አየሽ» አለ ፖስታውን ከፍ አድርጎ። «ዘግይተውም ቢሆን ነቁ።»

«በዕጣ ነው የሚለው እኮ፣ ቨርሊን።»

«ዕጣም አንዳንዴ ሰው ያውቃል።»

ለዚህ ሲል የተተኮሰ ሸሚዝ ለበሰ። የማዕድ ቤቱን ጠረጴዛ አስጠርጎ ተቀመጠና ጥያቄዎቹን ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር። ዜጋ ነዎት? «አዎ።» የወረዳው ነዋሪ ነዎት? «ከነአባቴ።» ማንበብና መጻፍ ይችላሉ? «ይሄን ምን ይሉታል፣ ካልቻልኩ እንዴት ነው የማነብበው?» ከሥራው የሚያግድዎ ሕመም አለብዎት?

«ጉልበቴን ልጻፈው?»

«በጉልበትህ አትፈርድ» አለችው ማርሊስ ሰሃን እያደረቀች።

ዘጠነኛውን ጥያቄ ጮክ ብሎ ጀመረና መሀል ላይ ድምፁ ጠፋ። እርስዎ ወይም የቅርብ ቤተሰብዎ በወንጀል ተከሶ ያውቃል? ካወቀ የጉዳዩን ውጤት ይግለጹ። በፍትሕ ታይቷል ብለው ያምናሉ?

ኪርክ የሚባል አንድ ልጅ አላቸው። ከዓመታት በፊት ከመጠጥ ቤት ሰክሮ ወጥቶ ሲነዳ የአንዲት ሴት መኪና ገጨ፤ የሴትዮዋ ክንድ ተሰበረ። ልጁ ፍርድ ቤት በቀረበበት ጠዋት ቨርሊን የሥራ ልብሱን ለብሶ፣ ምንም ያልሆነ የውሃ ፓምፕ ሊጠግን ምድር ቤት ወረደ። ማርሊስ ብቻዋን ሄደች። ተመልሳ የሆነውን ልትነግረው አፏን ስትከፍት «ፋይሉ ተዘግቷል» አላት። ከዚያ ወዲህ የኪርክ ስም በዚያ ቤት ተነሥቶ አያውቅም። ልጁ ጎረቤት ከተማ ባለ አንድ የመኪና ጎማ ቤት ይሠራል። ማርሊስ የምትደውልለት ባሏ ምግብ ቤት ሲሄድ ጠብቃ ነው።

«የቅርብ ቤተሰብ ሲሉ» አለ ቨርሊን ቀና ሳይል «አብሮ የሚኖር ማለታቸው ይሆን?»

«ልጅ ማለታቸው ነው።»

«በሕግ ቋንቋ ሌላ ሊሆን ይችላል።»

«በየትኛውም ቋንቋ ልጅ ማለት ነው፣ ቨርሊን።»

መጠይቁን አጥፎ ከዳቦው ሣጥን ሥር ከተተው። በማግስቱ አወጣው፤ መልሶም ከተተው። መስኮቱ ጋ መቀመጡን ተወ። ኦርቪል አንድ ክምር በረዶ ሙሉውን ወደ እነሱ ሲገለብጥ አይቶ መጋረጃውን ሳበ። ምግብ ቀርቦለት ሹካውን እንደያዘ ይቀራል። ማርሊስ መጀመሪያ ላይ ይበለው ብላ ነበር። ቀኖቹ ሲደራረቡና ፊቱ ሲገረጣ ግን ያም ስሜቷ ለቀቃት።

የመመለሻው ቀን ሲቃረብ ቨርሊን ወደ ፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ደወለ። ማርሊስ ከጎኑ ቆማ ትሰማለች።

«ዘጠነኛውን ባዶ ብተወውስ?»

«አይቻልም ጌታዬ» አለችው ጸሐፊዋ። «ከታች በመሐላ ነው የሚፈርሙት።»

«ውጤቱን የማላውቅ ከሆነስ?»

«ሩቅ ዘመድ ከሆነ ግድ የለም፤ አላውቅም ብለው ይጻፉ።»

«ሩቅ አይደለም» አለ ቨርሊንና ስልኩን ዘጋ።

ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ። «ያን ቀን ዳኛው ምን አለ?»

ማርሊስ ይህን ጥያቄ ለዓመታት ጠብቃዋለች። ሲመጣ ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ የመጣባት ግን ንዴት ነው።

«እኔ አልነግርህም። ተከሳሹ በሕይወት አለ። ሄደህ ጠይቀው።»

ቅዳሜ ዕለት ቨርሊን ያንኑ የተተኮሰ ሸሚዝ ለበሰና አብረው ሄዱ። መንገድ ላይ ያለ ምልክት የታጠፈባቸውን መኪና እንኳ ሳይፈርድበት አሳለፈው። ጎማ ቤቱ ደጃፍ ሲቆሙ ኪርክ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሏል። መጀመሪያ እናቱን አየ።

«እማዬ፣ ምነው፣ ደህና ናችሁ?»

«የፍርድ ቤት ጉዳይ ይዤ ነው የመጣሁት» አለ ቨርሊን።

«ደግሞ ምን አጠፋሁ?»

«አንተ አይደለህም። የሚጠየቀው እኔ ነኝ።»

ወረቀቱን አውጥቶ ዘጠነኛውን ጥያቄ አነበበለት፤ ይህን ጊዜ እስከ መጨረሻው። ብርዱ ከባድ ነበር። ኪርክ አዳምጦ ሲጨርስ ጨርቁን ኪሱ ከተተ።

«ጥፋተኛ ነኝ አልኩ። ዳኛዋ ሴት ነበረች። ስለ እኔ የሚናገር ቤተሰብ አለ ወይ ብላ ጠየቀች። እማዬ ተነሣች፣ ግን መናገር አቃታትና ተቀመጠች። ክረምቱን ታሰርኩ። ስወጣ የገጨኋትን ሴትዮ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። አሁን ጎማዋን የምትቀይረው እዚህ ነው።»

«በፍትሕ ታየ ትላለህ?»

«እዚያ ችሎት ውስጥ የሆነውን ከሆነ የምትጠይቀኝ፣ አዎ። እሱ ፍትሕ ነበር።»

ቨርሊን ቀሪውን ጠበቀ። ቀሪው አልመጣም። ውስጥ ሰው ጠራውና ኪርክ «ሥራ ላይ ነኝ» አለ። ግቡ አላላቸውም። እናቱን ትከሻዋን ነካ አድርጎ ተመለሰ።

ቨርሊን የመኪናው ኮፈን ላይ ወረቀቱን ዘርግቶ መጻፍ ጀመረ። የእስክሪብቶው ቀለም በብርዱ እምቢ ሲለው በትንፋሹ እያሞቀ ጻፈ። ጨርሶ መሪው ፊት ተቀመጠ።

«ከስቷል» አለ።

«ሥራው ከባድ ነው» አለችው።

መጠይቁን ፖስታ ቤት የወሰደችው ማርሊስ ነች። ከመታሸጉ በፊት የመጨረሻውን ጥያቄ አነበበች፦ በሌላ ሰው ላይ ያለ አድልዎ ለመፍረድ የሚያግድዎ ነገር አለ? ሥሩ ላይ ቨርሊን እንደ ተማሪ ልጅ ፊደሉን እየለቀመ ጽፏል። «አለ። የልጄን ጉዳይ ሳልሰማ ፈርጃለሁ። እንደገና እንዳላደርገው እፈራለሁ።» ከዚያ አሸገችው።

መልሱ በመጋቢት መጣ። ለዚህ ዙር አያስፈልጉም ይላል። ቨርሊን አንብቦ «ትክክል ናቸው» አለና ወረቀቱን አስቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ጸጥ አለ። ማርሊስ ዕድሜዋን ሙሉ ይህን ጸጥታ ስትመኘው ኖራ፣ ሲመጣ ምን እንደምታደርገው ጠፋት። እሑድ ፓስተሩ ስብከቱን በሁለት ቀልድ ጀመረ፤ ቨርሊን በትሕትና ፈገግ አለ። እሷ ደነገጠች። ኦርቪል እኮ ዛሬም በረዶውን እኛ ላይ ገፋው ብላ ስትነግረው «ወገቡን አሞት ይሆናል» አላት። ለእህቷ በስልክ ስታወራ፣ በዚህ የተጎዳው ባሏ ሳይሆን ፍርድ ቤቱ ነው አለቻት። አንድ ቀን የሆነ ነገር አጥፍታ ብትቆም፣ ከሚፈርዱባት ሰዎች መካከል ቢያንስ አንዱ በአንድ መስመር ጥያቄ ተጨንቆ እህል ውሃ የተወ ሰው እንዲሆን ትፈልጋለች። እህቷ አልገባትም። ማርሊስም አላብራራችም።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ስልኩ ጮኸ። ኪርክ ነው። አባቱ እቤት ባለበት ሰዓት ደውሎ አያውቅም ነበር።

«ለጁሪው ወሰዱት?»

«አልወሰዱትም።»

«የተጎዱት እነሱ ናቸው። እሱስ ምን ይላል?»

«ምንም። ምንም አይልም፣ ኪርክ። ስለ ማንም ምንም አይልም።»

«ይሄማ ጥሩ አይደለም። አገናኚኝ እስቲ።»

ቨርሊን ስልኩን በሁለት እጁ ተቀበለ። ልጁ የሚለውን ማርሊስ አልሰማችም። ባሏ አንገቱን ደፍቶ ለረጅም ጊዜ አዳመጠ፣ አንድ ጊዜም ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ ቀስ በቀስ ወገቡ ቀና አለ።

«ማን፣ አለቃህ? በረዶው በሚቀልጥበት በዚህ ወር? በረዶ የሠራው ሐይቅ ላይ ዓሣ ሊያጠምድ መኪና ይዞ ሊወጣ?» ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮው አዞረ። «ይሸከማል ብሎ ነው? እንግዲያው ይሄ ሰውዬ ስለ በረዶ የሚያውቀው ነገር የለም። የለም፣ አንተ ስማኝ። ስለ ዓሣም አያውቅም። ቆይ፣ ከሥሩ ልጀምርልህ።»

ማርሊስ ወንበር ስባ ከኋላው አስጠጋችለት። ነገሩ ቶሎ የሚያልቅ አይመስልም ነበር።