የተከሰሰው ዘይት

ፖሊስ አይቶት የማያውቀው ዕቃ ሁሉ የወንጀል ዕቃ ይመስለዋል። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ሾዋክ ድረስ ተነድቼ ነው የተማርሁት።

ደርግን ሸሽተን ከጎንደር ወርደን፣ ሱዳን ውስጥ ሾዋክ ከተማ አጠገብ ካለ የስደተኞች ካምፕ ገብተን ነበር። እኔ ከተሰበረ የመኪና ባሌስትራ ቢላ እሠራለሁ። የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ወደ ፋሽጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ሁሉ ቢላ ይፈልጋል፤ ያን ሰሞን ካልሸጥሁ ዓመቱን ሙሉ ከእርዳታ ማሽላ ሌላ የምንቀምሰው የለም።

ቢላ ደግሞ ተቀጥቅጦና ተሞርዶ ብቻ ቢላ አይሆንም። ፍም እስኪመስል ግሎ ባንዴ መቀዝቀዝ አለበት፤ አለዚያ ስለቱ ሽንኩርት ከትፎ ሳይጨርስ ይታጠፋል። በውኃ ብሞክረው ደህና ደህናዎቹ ተሰነጠቁብኝ። ስለዚህ ዘይት አስፈለገ። በሰሊጥ አገር ዘይት አይቸግርም፤ የቸገረኝ ማጥለቂያው ነው። የፕላስቲክ ጀሪካን ይቀልጣል። ድስቱን ባለቤቴ ጥሩወርቅ አላስነካ አለች። በመጨረሻ ከወዳደቀ ትራክተር ላይ የጭስ ማውጫ ቱቦ አገኘሁ። ታቹን አስበየድሁ፣ ጓሮዬ ውስጥ እስከ ወገቡ ቀበርሁት፣ ዘይት ሞላሁበት፣ አሸዋ እንዳይገባው ክዳን አበጀሁለት። መንግሥት ቢሠራው ኖሮ ሪባን ተቆርጦ የሚመረቅ ሥራ ነበር።

መራቂው ግን የፖሊሱ አለቃ፣ ሻዊሹ ሆነ። ሱዳን መጠጥ ከከለከለች ወዲህ የሐበሻ ጭስ ባየ ቁጥር አረቄ የሚሸተው ሰው ነው። ቱቦውን እንዳየ አረቄ ነው አለ። የሰሊጥ ዘይት ነው አልሁት። ጎንበስ ብሎ አሸተተና፣ ታዲያ ከሰሊጥ ነው የምታወጣው? አለኝ። እስቲ ፍረዱኝ፤ ከሰሊጥ አረቄ ይወጣል?

በዓይኑ ይይ ብዬ የጋለ ቢላ ብነክር ዘይቱ ቦግ ብሎ ነደደ። ሻዊሹ ወደ ኋላ ዘለለ።

«ይኸው፤ አረቄ ባይሆን መቼ እንዲህ ይነድ ነበር?» አለ።

ጥሩወርቅ እግሩ ላይ ወድቃ ለመነችው። ጠረፍ አሻግረው ለደርግ እንዳይሰጡኝ ነበር ፍርሃቷ። እኔም ፈርቻለሁ፤ ግን ንዴቱ በለጠብኝ። እሱ ዘይቴን አሸዋ ላይ ደፋና ባዶውን ቱቦ አሸክሞ ሾዋክ ነዳኝ።

እዚያ መኮንኑ ክሱን ሰምቶ አረቄው የታለ ሲል ጠየቀ። ደፋሁት አለ ሻዊሹ። እንግዲያ ማስረጃ የለም፤ ሂድ፣ ሁለተኛ እንዳታወጣ አለኝ መኮንኑ። መጀመሪያስ መቼ አወጣሁ? የለቀቁኝ ንጹሕ ነህ ብለው ሳይሆን ዘይቴን ስለደፉት ነው። ልከራከር አፌን ብከፍት በሩን አሳየኝ።

ካምፕ ስደርስ ወሬዬ ቀድሞኝ ገብቷል። ቢላ የሚገዛ ጠፋ፤ እየተሹለከለከ መጥቶ አንድ ብርጭቆ የሚለምን ግን በዛ። ሁሉንም ተቆጥቼ መለስኋቸው። አንድ አመሻሽ ላይ ደግሞ ነጭ ጀለቢያ የለበሰ ሰው በጓሮ በኩል ብቅ አለ። ቀና ብል ሻዊሹ ነው። ሆዱን እንደሚያመው ነገረኝና፣ ለመድኃኒት ያህል ትንሽ ብትሰጠኝ አለ።

ያለኝ ቢላ ብቻ ነው አልሁት።

ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «እኔ እንደ ወንድም አይቼህ ብመጣ ትዋሸኛለህ?» አለኝና ተቀይሞኝ ሄደ። ልብ በሉ፤ የተቀየመው እሱ ነው።