የጓሮው በር ፋኖስ

ቤት ስንሠራ ስለ መግቢያው ስንት እንደምንጨነቅ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ወዴት ይዙር፣ ምን ያህል ይስፋ፣ ማን ቀድሞ ይለፍበት። ስለ መውጫ የሚያነሣ ሰው ግን እንደ ሟርተኛ ይታያል። ባለቤቴ ታረቀኝ እንዲህ ያለ ሟርተኛ ነበር።

ወረታ ላይ የወፍጮ ሞተረኛ ነበር። ከተማችን ትልቁን አዳራሽ ስትሠራ ከዋናው በር ጎን የመብራት ሞተር ተተከለና ለእሱ ተሰጠ። ሞተርን ስለሚያውቀው አያምነውም። ስለዚህ ከጓሮው በር በላይ «መውጫ» የሚል ምልክት፣ ከሥሩ ደግሞ ሰው በተሰበሰበ ቁጥር የሚበራ ፋኖስ ይሰቀል አለ። ምልክቱ ለሚያነብ፣ ፋኖሱ ለማያነብ። የማያነበው ይበዛ ነበርና ይበልጥ የተጨነቀው ለፋኖሱ ነው። ይፋግ ገበያ ወርዶ የሱቁን ፋኖስ ሁሉ እያበራ ሲወዘውዝና እፍ ሲልበት፣ ባለሱቁ «ፋኖስ ልትገዛ ነው ወይስ በቅሎ ልትገራ?» አለው። ሳይጠፋ የቀረውን አንዱን ይዞ መጣ። ለምልክቱ የበርሜል ቆርቆሮ ቆረጠ፤ ፊደሉን በቀይ ቀለም የጻፍኩት እኔ ነኝ።

አዳራሹን የሚያሠሩት ግራዝማች ውበቱ ምልክቱን አዩና ፊታቸው ጠቆረ።

«እንግዳ ገና ሳይቀመጥ ‹መውጫህ ይኸውልህ› ልንለው ነው? ፎገራ ላይ እንዲህ ያለ ነውር የት አየህ?»

«ግራዝማች፣ ሞተር እኮ እንግዳ አለ ብሎ አይታገሥም» አላቸው።

ሰው ሳቀ። ቆርቆሮው ወደ ቤታችን ተመለሰ። ፋኖሱ ግን ደስ አላቸውና ለምረቃው ቀን በእንግዶቹ ጠረጴዛ ላይ በርቶ ተቀመጠ። ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ። እንግዳ አክባሪ ናቸው።

ምረቃው ሐምሌ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ነበር። ከሐሙሲትም ከአንበሳሜም ሰው መጥቷል። ዶፉ ሲወርድ መስኮቱ ሁሉ ተዘጋ። ሞተሩ አንድ ሁለቴ አስነጠሰና ጠፋ፤ ወዲያው ናፍጣው ተያያዘና ጭሱ ገባ። ሕዝቡ በገባበት ሊወጣ ወደ ዋናው በር ተመመ። በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ነበርና የሚገፋው ሕዝብ ራሱ ዘጋው።

ታረቀኝ ፋኖሱን ከጠረጴዛው ነጥቆ የጓሮውን በር ከፈተና ከፍ አድርጎ ያዘው። ያኔ ሰው ብርሃኑን እያየ ጎረፈ። ግራዝማችም በዚያው ወጡ። ከዋናው በር ሥር የወደቁ እንዳሉ ሲሰማ ፋኖሱን ለእኔ ሰጠኝ።

«ከፍ አድርገሽ ያዢው። እሱን እያየሁ እመለሳለሁ።»

አንድ አሮጊት ይዞ ወጣ። ሁለተኛ ገብቶ አንድ ሽማግሌ አዝሎ ወጣ። ሦስተኛ ገባ። እጄ እስኪደነዝዝ ያዝኩት፤ ጣሪያው እስኪወርድ ያዝኩት። ፋኖሱ አልጠፋም። መርጦ ነው የገዛው።

ለአርባው ዳስ ሲጣል ያንን ቆርቆሮ ከመግቢያው በላይ፣ ፋኖሱን ከሥሩ ሰቀልኩ። ዘመዶቼ ሐዘን አእምሮዋን ነካው ተባባሉ። ከለቀስተኛው የሚያነበው ጥቂት ስለሆነ የተቀየመም ጥቂት ነው። ግራዝማች ሲመጡ ግን ቀና ብለው አነበቡት። የክብር ቦታቸው እንደ ወጉ ከዳሱ ውስጠኛው ጫፍ ተነጥፎ ነበር፤ «ወደ ውስጥ ይለፉ እንጂ» አልኳቸው።

«እዚሁ ይሻለኛል» አሉና ከምልክቱ ሥር፣ በሩ አጠገብ ተቀመጡ።

ታዲያ እንግዳ እንዴት ይገፋል? ማዕዱን እዚያው አቀረብኩላቸው።