የፒካፗ ባለርስቶች

ከመሐል ሜዳ ወደ ሞላሌ ከሚወስደው መንገድ ጥቂት ገባ ብላ፣ ውርጭና ገብስ ተፎካክረው የሚበቅሉባት አንዲት የመንዝ ከተማ አለች። ስሟ እዚህ አይጠራም፤ ከተጠራች ድርሻዬ ይታሰብልኝ ማለቷ አይቀርም። በከተማዋ አስተዳደር፣ ግብርና፣ ጤና፣ ትምህርትና ውሃ የሚባሉ አምስት መሥሪያ ቤቶች ሲኖሩ፣ አምስቱም ባለመኪና ናቸው። መኪኖቹ ከአስተዳደሩ ሕንፃ ጀርባ በታጠረው ግቢ በክብር ቆመዋል። የመንግሥት ንብረት እንደ ጠላት ንብረት በሚታይበት በዚህ ዘመን፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ሳይገጩ፣ ገደል ሳይገቡ፣ አንዲት ጠብታ ነዳጅ ሳያባክኑ የኖሩ አምስት መኪኖች ማየት ያኮራል። አምቡላንሷማ ጭራሽ ሥራ አልፈታችም፤ ዶሮዎች ይታቀፉባታል።

ለአምስቱም የቀረው ሹፌር አንድ ነበር፤ ማዕረግ ይባላል። ጠዋት ካፖርቱን ደርቦ ይመጣል፣ ይፈርማል፣ በር ላይ ካለችው አግዳሚ ወንበር ይቀመጣል፣ አሥራ አንድ ተኩል ሲል ፈርሞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስድስት ዓመት እንዲህ ሲነዳ አንድም ጊዜ በትራፊክ አልተቀጣም። ቀኝ እጁ ግን አላርፍ ብሎ፣ በተቀመጠበት ጉልበቱ ላይ ማርሽ ይቀይር ነበር። ማታ ምድጃ ዳር ይህን እያየች ሚስቱ እታገኝ፣ «ዛሬስ የት አደረስከኝ?» ትለዋለች። ይስቃሉ፤ እሱ ግን ከልቡ አይስቅም። መንዳት ይወድ ነበር። በጎልማሳነቱ ለሰው የማይነገር ፍቅር ሆኖበት እንጂ፣ የናፈቀው ነገር ቢኖር መሪ መጨበጥ ብቻ ነበር።

በመጋቢት ከዞን ደብዳቤ መጣ። በሦስት ገጽ የተጻፈው ሲጨመቅ፣ እስከ ሰኔ ሠላሳ ድረስ የሚንቀሳቀስ መኪና ያልተገኘለት የሹፌር መደብ ይታጠፋል፤ ሹፌሩም ወደ መዝገብ ቤት ይዛወራል የሚል ነው። ማዕረግ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበና ወደ አስተዳደሩ ኃላፊ ወደ አቶ ኃይለመስቀል ገባ። አምስቱ መኪኖች ተኝተው ከሚያረጁ፣ ከአራቱ ደህና ደህናውን ነቅሎ አምስተኛዋን ማስነሣት እንደሚችል ነገራቸው።

አቶ ኃይለመስቀል ንግግር የሚያውቁ ሰው ናቸው። ቢሮው ውስጥ ከማዕረግ ሌላ ሰው ባይኖርም ተነሥተው ቆሙ፤ ስለ ቅንጅት፣ ስለ ውስን ሀብት አጠቃቀምና ስለ ትውልድ አደራ ካብራሩ በኋላ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለው ደመደሙ። ፈቃዱን የሰጡት ግን በቃል ነው። የተጻፈ ፈቃድ ኃላፊነት ያመጣል።

የአስተዳደሩ ፒካፕ ሁሉን ከሥር የሚሸከም ጤነኛ ሻንሲ ነበራት፤ ከሻንሲው ሌላ ግን ይህ ነው የሚባል ነገር አልነበራትም። ማዕረግ ሞተሩን ከግብርናው፣ ማርሽ የሚቀያይረውን ካምቢዮ ከውሃው፣ ጎማዎቹንና ጭነት የሚሸከመውን ስፕሪንግ፣ ባሌስትራውን፣ ከትምህርቱ መኪና አመጣ። በሮቹን ከአምቡላንሷ የነቀለው ዶሮዋ ጫጩቶቿን እስክታወጣ ሁለት ሳምንት ታግሶ ነው። የትምህርቱ ባሌስትራ ለጭነት መኪና የተሠራ ስለነበር ፒካፗ ከኋላ ብድግ፣ ከፊት ዝቅ ብላ ሊዋጋ ያጎነበሰ አውራ በግ መሰለች። የኤሌክትሪክ ገመዶቹም ስለተዛመዱ ጥሩምባዋ ሲነካ የአምቡላንስ ሳይረን ይጮኻል።

ትልቁ ጣጣ የሞተሩና የካምቢዮው ነገር ነበር። አንዱ የግብርና፣ ሌላው የውሃ፣ በኑሯቸው ተያይተው የማያውቁ፣ አልገናኝ አሉ። ማዕረግ ሦስት ቀን አሰበበት። በአራተኛው ቀን ከቤቱ ጣሪያ ሥር የአባቱን አሮጌ ማረሻ አወጣ፤ አግሎ ቀጠቀጠው፣ አንድ ጋት ያህሉን ቆረጠ፣ አራት ቀዳዳ በሳው። በዚያ ቁራጭ ብረት ሞተርና ካምቢዮ ተጨባበጡ።

በግንቦት አጋማሽ አንድ ማለዳ፣ ከብርድ ያለበሳትን ባና ከኮፈኑ ላይ ገፎ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ሳል ሳል አለውና ተነሣ። ማዕረግ አለቀሰ። ጭስ ገብቶብኝ ነው ብሏል፤ ሐሰት ነው፤ ደስ ብሎት ነው ያለቀሰው።

በዚያው ዕለት አቶ ኃይለመስቀልን ይዞ ሞላሌ ደርሶ ተመለሰ። የሄዱበት ጉዳይ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ መሄዱ ራሱ ጉዳይ ነበር። ኃላፊው በመስኮት እጃቸውን እያወጡ ለበጎች ጭምር ሰላምታ ሲሰጡ፣ ማዕረግ ደግሞ በየዳገቱ ማርሹን እየቀየረ፣ በእግሩ ሥር የመንገዱን ኮረኮንች እየሰማ፣ ስድስት ዓመት የታፈነ ትንፋሹን አወጣ። ከዚያ ቀን የበለጠ ቀን አልነበረውም።

ሲመለሱ የጤናዋ ኃላፊ ሲስተር አስካለ ማርያም በሩ ላይ ቆመው ነበር። ሰላምታ አልሰጡም። የፒካፗን በር በጣታቸው ዳሰሱ።

«ይህ በር የማን ነው?»

«የመንግሥት ነው» አሉ አቶ ኃይለመስቀል።

«የጤና ነው። ዳር ዳሩን የቀባሁት እኔ ነኝ፤ ቀለሙን አውቀዋለሁ።»

እንግዲህ የመንዝ ሰው አባት ቆጥሮ ርስት መጠየቅ ከተወ ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ አዋጅ ነው ያስተወው። ደም ውስጥ ያለ ነገር ግን በአዋጅ አይወጣም፤ ምቹ ቀን እስኪያገኝ ያደፍጣል እንጂ። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚባለው ለመሬት ብቻ መስሎን ኖረናል። በማግስቱ አምስቱም ኃላፊዎች መዝገብ በብብታቸው ይዘው ግቢው ውስጥ ተገኙ። ፒካፗ ላይ እግድ ወጣባት፤ ጎማዋም በድንጋይ ታሰረ።

የግብርናው ኃላፊ አቶ አወቀ፣ መኪና ማለት ሞተር ነው፣ ሞተር ከሌለ በረት ነው ብለው ተከራከሩ። የትምህርቱ ኃላፊ፣ ጎማ ባይኖር ሞተሩ ቆሞ ከመለፍለፍ ሌላ ምን ይሠራ ነበር ሲሉ ጠየቁ። የውሃው ኃላፊ ካምቢዮው የተወለደበትን የደረሰኝ ቁጥር በቃላቸው አነበነቡ። አቶ ኃይለመስቀል ሁሉንም በትዕግሥት አዳምጠው በመጨረሻ ተነሡ።

«ሻንሲው መሬት ነው» አሉ። «መሬቱ የኔ ነው። ሞተሩም፣ በሩም፣ ጎማውም መሬቴ ላይ የሰፈሩ ጭሰኞች ናቸው።»

ነገሩ ከደብዳቤ አቅም በላይ ሲሆን አያ ይታየው ተጠሩ። ዘጠና ዓመታቸው ነው፤ በአካባቢው ርስት በፍርድ ቤት ተከራክረው ያሸነፉ የመጨረሻው ሰው እሳቸው ናቸው። ከበግ ጉረኖ በማትሰፋ መሬት አሥራ ሰባት ዓመት ተከራክረው በተፈረደላቸው በወሩ የመሬት አዋጁ ወጣ። ከዚያ ወዲህ እውቀታቸውን የፈለገ አልነበረምና፣ የተጠሩ ዕለት ነጠላቸውን አሳጥበው መጡ።

አያ ይታየው ፒካፗን ሦስት ጊዜ ዞሯት፤ በከዘራቸው መታ መታ አደረጉ። ኃላፊዎቹ በተራ የየብረታቸውን ዘር እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩላቸው፤ በሩ ከአምቡላንሷ፣ አምቡላንሷ ከዞን፣ ዞን ከክልል እያሉ። ሽማግሌው ሰምተው ሲያበቁ ሞተሩ እንዲነሣ ጠየቁ። ተነሣ። ጆሯቸውን ጣል አድርገው አዳመጡና እንዲህ አሉ፤

«ልጆቼ፣ እኛ የተካፈልነው መሬት ነው። መሬት ቢካፈሉት መሬት ነው። በሬ ግን ቢካፈሉት ሥጋ ነው። ሥጋ ደግሞ አያርስም።»

ይህ ንግግር አምስቱ ኃላፊዎች ያቋቋሙትን ኮሚቴ እጅግ አረካው። በቃለ ጉባኤው ላይም «የአገር ሽማግሌው ንብረቱ እንደ በሬ ሊከፈል የሚችል መሆኑን በምሳሌ አስረድተዋል» ተብሎ ሠፈረ። አያ ይታየውም ስለ ሙያዊ ድጋፋቸው ተመስግነው ተሸኙ። እየሄዱ ሲያጉረመርሙ የሰማ አለ፤ ያሉት ግን አይጻፍም።

የክፍፍሉ ዕለት አቶ ኃይለመስቀል ንግግር አደረጉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ካሉ በኋላ፣ ለአንድ መሥሪያ ቤት ሸክም የነበረች መኪና ለአምስት ጌጥ ልትሆን ነው ብለው አብራሩ። የመፍታቱ ሥራ ለማዕረግ ተሰጠ፤ የት የት እንዳለች የሚያውቃት እሱ ነውና። ሁለት ወር የገጠማትን በአንድ ቀን ፈታት። እያንዳንዱን ብሎን ሲያላቅቅ በካፖርቱ ጫፍ ጠርጎ ያስቀምጥ ነበር። ብረቱ እንደ ቅርጫ ሥጋ ሣር ላይ ተደረደረ፤ ሁሉም የአባቱን አነሣ።

ሣሩ ላይ አንዲት ቁራጭ ብረት ቀረች።

«ይቺስ?» አሉ ሲስተር አስካለ ማርያም።

«የአባቴ ማረሻ ናት» አለ ማዕረግ።

ማረሻ ሲባል አቶ አወቀ ለአፍታ ነቃ አሉ፤ መሥሪያ ቤታቸው የሚያተኩረው በዘመናዊ ግብርና ላይ መሆኑን ሲያስታውሱ ተዉት። ኮሚቴው መዝገቦቹን ሁሉ አገላብጦ ዘሯን አጣ። ስለዚህ በቃለ ጉባኤው ተራ ቁጥር ዘጠኝ ላይ «ከየትኛውም መሥሪያ ቤት ጋር የዘር ሐረግ የሌለው ባዕድ ብረት ስለሆነ ከግቢው ይወገድ» ተብሎ ተጻፈ። አምስቱም ፈረሙበት። ማዕረግ ብረቷን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተታት። የዚያን ዕለት ማታ እታገኝ የት አደረስከኝ ብላ አልጠየቀችውም።

ሰኔ ሠላሳ ደረሰ። አምስቱ መሥሪያ ቤቶች የዓመቱን ሪፖርት ሲጽፉ፣ እያንዳንዱ «በራስ አቅም አንድ ተሽከርካሪ ተጠግኖ ሥራ ላይ ውሏል» አለ። ማንም አልዋሸም፤ ፒካፗ ሞላሌ ስትሄድ የሁሉም ብረት አብሮ ሄዷል። ዞኑ ደመረ፤ አምስት ሆነ።

ምላሹ በነሐሴ መጣ። ከተማዋ በተሽከርካሪ አያያዝ ተምሳሌት ስለሆነች የምስክር ወረቀት ተላከላት። አምስት መኪና በአንድ ሹፌር ሊንቀሳቀስ ስለማይችል አራት ሹፌሮች ተጨመሩ። ማዕረግም የስምሪት ቡድን መሪ ሆኖ ማኅተም ተሰጠው። በመጨረሻው አንቀጽ፣ ከተማዋ ስድስት ዓመት ወረፋ ስትጠብቅላት የነበረችው አዲስ መኪና፣ ችግሯ ስለተቃለለላት፣ አንድም መኪና ለሌላት ለጎረቤት ከተማ መዛወሯ ተገልጿል። የምስክር ወረቀቱ በመስታወት ተሰቀለ። አግዳሚዋ ወንበርም ለአምስት ሰው እንድትበቃ አናጢ ቀጠለባት። ማዕረግ በየጠዋቱ ለአራቱ የስምሪት ወረቀት ይሞላል፤ መነሻ፣ ግቢ፤ መድረሻ፣ ግቢ። መደቡ አልታጠፈ፣ ደረጃው ከፍ አለ፤ የለመነው ሁሉ ተሰጠው፤ የጎደለው መኪና ብቻ ነው። ብረቷን ኪሱ ውስጥ እየዳሰሰ ይውላል።

በጥቅምት አንድ ረፋድ ላይ የመቀመጫዋ ላስቲክ ገና ያልተቀደደ ነጭ አዲስ መኪና የጭስ ማውጫ ማርሚታዋን እየጎተተች በሩ ላይ ቆመች። ነጂው ባድሩ የሚባል የዞን ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበር፤ መኪናዋን ለጎረቤት ከተማ ሊያስረክብ ነው የሚሄደው። ኮረኮንቹ የማርሚታዋን ማንጠልጠያ ሰብሮበታል።

«አስረክቤያት በሚኒባስ እመለሳለሁ» አለ ባድሩ። «እዚያ ማን እንደሚነዳት ግን አላህ ይወቅ። መኪና ስለሌላቸው ዓምና የሹፌር መደባቸው ታጥፏል።»

ማዕረግ ይህን ሲሰማ ካፖርቱን አውልቆ መኪናዋ ሥር ገባ። ማንጠልጠያው የነበረበት ቦታ አንድ ጋት ብረት የሚፈልግ ነበር፤ አራት ቀዳዳ ካላት ደግሞ እሰየው። ብሎኑን አጥብቆ ሲወጣ አምስቱም ኃላፊዎች መስኮት ለመስኮት ተያይተው ወርደው ጠበቁት።

«ማዕረግ» አሉ አቶ ኃይለመስቀል በለሰለሰ ድምፅ፤ «ያስገባህባት ብረት ከየት የወጣች ናት?»

«ከዚሁ ግቢ ናት፣ ጌታዬ።»

የአምስቱም ፊት በራ። አቶ አወቀ ለዘበኛው በሩን ዝጋ አሉ። ሲስተር አስካለ ማርያም መዝገብ አስመጡ። ከግቢያችን ብረት ካለባት እኛም አለንባት፤ ድርሻችን ይታወቅ፤ ባድሩም ከመኪናዋ ይውረድ ተባለ። ባድሩ ነገሩ ስላልገባው መሪውን የሙጥኝ አለ።

«ቃለ ጉባኤው ይነበብ» አለ ማዕረግ።

ተነበበ። ተራ ቁጥር ዘጠኝ ላይ ሲደረስ የአንባቢው ድምፅ ቀነሰ። የዘር ሐረግ የሌለው ባዕድ ብረት፤ ከግቢው ይወገድ፤ አምስት ፊርማ፤ አምስት ማኅተም።

«ውሳኔው እስካሁን አልተፈጸመም፤ በየቀኑ በኪሴ መልሼ ሳመጣት ከረምኩ» አለ ማዕረግ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ዛሬ ላስወግዳት።»

የስምሪት ደብተሩን አወጣ። የቡድን መሪው ማዕረግ ሹፌሩን ማዕረግን ወደ ጎረቤት ከተማ አሰማራው፤ ፈረመ፤ ማኅተሙን መታ፤ ቅጠሉን ገንጥሎ ለአቶ ኃይለመስቀል በሁለት እጁ አቀረበ። ባድሩ ወደ ጎን ተጠጋለት። ዘበኛው ማኅተም ያለበት ወረቀት ስላየ በሩን ከፈተ።

መኪናዋ ከተማዋን ከመልቀቋ በፊት አንድ ቤት ደጃፍ ቆመች። እታገኝ እጇን እያደራረቀች ወጣች፤ መሪው ላይ ማን እንዳለ አይታም ደርቃ ቀረች።

«ግቢ» አላት። «ዛሬ አደርስሻለሁ።»

አቶ ኃይለመስቀል ግን ወረቀቷን እያገላበጡ ግቢው ውስጥ ቆመው ነበር። ፊርማው ትክክል ነው፤ ማኅተሙም ትክክል ነው፤ የመመለሻ ቀንና ሰዓት የሚለው ቦታ ብቻ ባዶ ነው። ኮሚቴው ወዲያው ተሰብስቦ ለረዥም ጊዜ ከመከረ በኋላ፣ ቅጹ ያልተሟላ በመሆኑ መኪናዋ ከግቢው እንዳልወጣች እንዲቆጠር በሙሉ ድምፅ ወሰነ። በዚህ ዓመት ሪፖርት ከተማዋ ባለ ስድስት መኪና ናት።