ሊቀ ምስጋና ቨርሊን ስም ሲጠሩ

በደመወዝ የሚኖር ሰው ሁሉ፣ ከአለቃና ከወገብ ሕመም ሌላ፣ አንድ አሠልጣኝ አለው። ባንክ ይሁን ዳቦ ቤት ልዩነት የለውም። ሥራ አናታችሁ ላይ ተከምሮ ሳለ ወንበር በክብ አስደርድሮ «እስቲ ዛሬ ምን ይሰማችኋል?» የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። የሌሎቻችሁ ስለ መሪነት ወይም ስለ ጊዜ አጠቃቀም ያወራ ይሆናል። የእኛው፣ ክቡር ሊቀ ምስጋና ቨርሊን ሃውግስታድ፣ የሚያስተምሩት አንድ ትምህርት ብቻ ነበር፤ ማመስገን።

እኔ የምሠራው በሰሜን አሜሪካ፣ ትልቅ ሐይቅ ዳር ባለችው ዱሉት ከተማ፣ የቤት ማሞቂያ በሚጠግን ድርጅት ስልክ ክፍል ነው። ሐይቁ ድንጋይ በሚሆንበት በብርዱ ወራት፣ ማሞቂያው የቆመበት ሰው ደውሎ «እንደምን አደርሽ» አይልም። ይሳደባል፣ አለዚያም ያለቅሳል። «ልጄ፣ ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ» ላሉኝ አሮጊት «ጠጋኙ የሚደርሰው ነገ ነው» ብዬ የምመልሰው እኔ ነኝ። እንግዲህ ከዚህ ወንበር ላይ አስነሥተው ነው ምስጋና ተማሩ የሚሉን።

የሊቀ ምስጋና ሕግ አጭር ነው፤ «ስም የሌለው ምስጋና ማስነጠስ ነው!» «ሁላችሁንም አመሰግናለሁ» ያለ ሰው ወዮለት። «ሁላችሁም የሚባለው የትኛው ነው? እስቲ እጁን ያውጣ!» ብለው ያፋጥጡታል። ተነሥተህ፣ ዓይን ዓይኑን እያየህ፣ በስሙ ጠርተህ፣ ምን እንዳደረገልህ ትናገራለህ። የእኛ አገር ሰው ደግሞ የጎረቤቱን ደጅ በረዶ ጎሕ ሳይቀድ ጠርጎ፣ ሲመሰገን «ኧረ እኔ አይደለሁም» ብሎ የሚክድ ነው። ከአጠገቤ የምትቀመጠው ሮንዳ ማኪ በስሟ ስትመሰገን እስከ አንገቷ ትቀላና «ፖሊስ ጥሩልኝ» ትላለች። ዴል ደግሞ የሥልጠናው ቀን ሲደርስ ጥርሱን ያመዋል። በየዓመቱ ያው ጥርስ።

ደረት ላይ የሚለጠፍ የስም ወረቀት በእሳቸው ዘንድ ኃጢአት ነው። በር ላይ ቆመው እየላጡ ቅርጫት ውስጥ ይጥሉታል። «ስሜን ከደረቴ ላይ የለቀመ ሰው መቼ አወቀኝ?» ይላሉ። እውነትም እሳቸው አንዴ የሰሙትን ስም አይረሱም። የእናትህን፣ የውሻህን፣ ያስቀየመህን አማችህን ስም ሳይቀር ያውቃሉ። ሥልጠናው ካለቀም በኋላ አይለቁህም። ጡረታ ወጥቶ ሌላ ክፍለ ሀገር የገባውን እንኳ በልደቱ ቀን ደውለው «የመጀመሪያ ቀንህ ወንበርህን ያሳየችህን ሴት አመሰገንካት?» ይሉታል። እኔን አንድ ጊዜ ሱፐርማርኬት ውስጥ፣ ልጄን ሶልቪን በጋሪ እየገፋሁ በረዶ የሆነ አተር ስመርጥ ያዙኝ።

«ብሪታ! ሶልቪ ስታተኩስ ፈረቃሽን የያዘልሽ ሰው ነበር አሉ።»

«አዎ ቨርሊን፣ ከርቲስ ነው።»

«አመሰገንሽው?»

«አመስግኜዋለሁ።»

«በስሙ?»

አተሩን ጥዬ ሸሸሁ።

የሮንዳ ባል ኤይኖ የሞተ ጊዜ ግን ሌላ ነው። ከቀብሩ በኋላ፣ ለቀስተኛ በሚበላበት የቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ ሁላችንም ድንችና ሥጋችንን በወረቀት ሳህን ይዘን መሬት መሬት ስናይ፣ እሳቸው ብቻ ሮንዳ ፊት ቆሙ። «ኤይኖ በዐውሎው ቀን መኪናዬን ከቦይ ጎትቶ አወጣልኝ። ጓንቱንም ሰጠኝ» አሏት። ሮንዳ ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ ያለቀሰችው።

ባለፈው መጋቢት ድርጅታችንን የቺካጎ ሰዎች ገዙት። ወጪ የሚቀንሱ ሴትዮም ላኩብን፤ ሚስ ፔይጅ። ከኋላ ተቀምጠው ሥልጠናውን ያያሉ፤ ካልጣማቸው የሊቀ ምስጋና ውል ያበቃል። ቨርሊን ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከእኛ በቀር የሚያነጋግሩት ሰው የላቸውም። ይህን የማያውቅ አልነበረም።

ጠዋት ሮንዳ መጸዳጃ ቤት ጎትታ አስገባችኝ።

«ሰውዬው እየሄዱብን ነው» አለችኝ።

«ወዴት?»

«ከራሳቸው ነዋ! ትናንት እደጅ መኪናቸውን ተደግፈው መኪናቸውን ይፈልጋሉ። ደግሞ… ኤይኖ እንዴት ነው አሉኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«ደኅና ነው አልኳቸው። ምን ልበል ታዲያ?»

ወንበሩ በክብ ተደረደረ። ሚስ ፔይጅ ላፕቶፓቸውን ከፈቱ። ሊቀ ምስጋና እንደ ልማዳቸው የስም ወረቀታችንን ልጠው ጣሉ። ከዚያ ሰላምታ ሊጀምሩ ወደ ዴል ዞረው፣ ፊታቸው በርቶ፣ «ዋልተር! እንዴት ነህ?» አሉ።

ዋልተር የሚባል ከመካከላችን የለም። ሚስ ፔይጅ ቀና አሉ። ዴል፣ ያ ጥርሱን የሚያመው ዴል፣ ቀስ ብሎ ተነሣና «ደኅና ነኝ ቨርሊን» አለ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰን! ሮንዳ ማርጆሪ ሆነች። እኔ ዶሪን ሆንኩ። «ሊንዳ!» ሲሉ ግን የሚመልስ ጠፋ፤ የሚያዩት ትከሻው በር የሚሞላውን፣ ጢሙ ደረቱ የደረሰውን ከርቲስን ነው። ከርቲስ ጉሮሮውን ጠረገና «አለሁ» አለ። ሚስ ፔይጅ ቅንድባቸውን ሰቀሉ።

«ሊንዳል ነው፣ የአባቱ ስም» አለች ሮንዳ ማንም ሳይጠይቃት። «ሲያቆላምጡት ነው።»

ቀልዱ የቆመው የምስጋናው ተራ ዴል ጋ ሲደርስ ነው። ወደ እኔ ዞረ።

«ዶሪን» አለ። «እኔ ጠጋኙ ነገ ነው ያልኳቸው ሽማግሌ፣ በብርድ የሞቱት… ልጃቸው ስትደውል ስልኩን ከእጄ ወስደሽ አንቺ ተሰደብሽልኝ። ያን ቀን ወደ ቤቴ አልነበረም የምሄደው፤ ወደ ሐይቁ ነበር። መኪናዬ ውስጥ ገብተሽ አልወርድም አልሽ።»

ዴል ስለዚያ ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ዋልተር ግን ተናገረ። «ኧረ እኔ አይደለሁም» ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት፤ ያን ዕለት እንዲያ ማለት ጉድ ያፈላ ነበር። «ዋልተር፣ ዛሬ እዚህ ስላለህ አመሰግንሃለሁ» አልኩት። ከዚያማ ሁሉም ቀጠለ። በገዛ ስማችን አፍረን የኖርነውን ሁሉ በሰው ስም ዘረገፍነው።

ሚስ ፔይጅ ሲወጡ «እንዲህ የሚዋደድ መሥሪያ ቤት አላየሁም፤ ውሉ ይቀጥላል» አሉ። ልናጨበጭብ ስንል ቨርሊን ከወንበራቸው ሳይነሡ ጠየቁን።

«ከስሞቹ ስንቱን አገኘሁ?»

«አብዛኛውን» አለ ከርቲስ።

«አንተ ሊንዳ ነህ?»

ከርቲስ ወለሉን አየ።

ቨርሊን ተነሡ። መተላለፊያው ላይ ሚስ ፔይጅን ደርሰውባቸው «ውሉን ተዉት፣ አሞኛል» አሏቸው። የዚህ አገር ሽማግሌ እግሩ ተቆርጦ እንኳ እንዲህ አይልም። ተመልሰው መጡና የመኪናቸውን ቁልፍ ዴል መዳፍ ላይ አስቀመጡ። «ንዳልኝ» አሉት። ስም አልጠሩም።

ይኸው አሁን ረቡዕ ረቡዕ ራታቸውን የሚበሉት እኛ ቤት ነው። ዴል ያመጣቸዋል፣ ዴል ይመልሳቸዋል። አንዳንድ ቀን ያለ ምክንያት ይቆጣሉ፤ አንዳንድ ቀን መስኮት ሥር ቆመው ሚስታቸውን ይጠብቃሉ። ሐኪሙ እየባሰ እንደሚሄድ ነግሮናል። እኔ ደግሞ የዛሬዋን ረቡዕ አየን፣ ይበቃል ባይ ነኝ። ሶልቪ ጠረጴዛ ሥር ገብታ የጫማቸውን ማሰሪያ ትፈታለች፤ እሳቸው መልሰው ያስራሉ፤ ሁለቱም አይሰለቹም።

ባለፈው ረቡዕ እኔ ዕቃ ሳጥብ እሳቸው ሲያደርቁ፣ ጨርቁን እንደያዙ ብዙ አዩኝ።

«ልጄ፣ ማን እንደሆንሽ ጠፋኝ» አሉ። «ግን የምወድሽ ሰው ነሽ፣ አይደል?»

«ነኝ» አልኳቸው።

«እንዲያማ ከሆነ» አሉ እጃቸውን ዘርግተው፣ «የሚቀጥለውን ሳህን አምጪ።»